ቆመን ያስተኛነው ጠበቃ

የሱዳን መንግሥት ከሕዝቡ ሁሉ ለይቶ የሚፈራው እኔን ነበር። እኔን ለመያዝ ሦስት ፒካፕ ሙሉ ሰው ልኳል፤ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ይህን ከእኔ ያልሰማ አበሻ የለም። ወሬው ሲደጋገም መኪኖቹ አምስት ደረሱ፤ አንድ ጊዜማ ሄሊኮፕተርም ጨምሬበታለሁ።

እውነቱን ለመናገር መኪኖቹ የመጡት አብሬው ለምሠራው ጠበቃ ነው። እኔ ቢሮው በር ላይ ቁጭ ብዬ ፉል በዳቦ እበላ ነበር። እሱን ይዘው ሲወጡ አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ ይሄስ ማነው ብሎ ጠየቀ። ሌላኛው የጠበቃውን ቦርሳ ጭኔ ላይ አይቶ፣ ቦርሳ የያዘም ይምጣ አለ። ፖለቲከኛ የሆንኩት እንዲህ ነው። ፉሉን እንኳ አላስጨረሱኝም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በሀብታሞቹ ሰፈር በአል-ማንሺያ ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች፣ እመቤቲቱ ወርቅ ጠፋኝ ባለች ቁጥር ፖሊስ ጣቢያ ይገባሉ፤ አረብኛቸው ከወጥ ቤት አያልፍም። እኔ እናገርላቸዋለሁ፣ እሱ ይከራከርላቸዋል። ኡስታዝ ነው የምንለው፤ ሱዳን ጠበቃን የሚጠራው እንደዚያ ነው። መንግሥት ይውረድ የሚለው ሰልፍ ሲፋፋም የታሰሩት ሰልፈኞች ሁሉ እሱ ላይ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝም ብሎ አያውቅም። ልጄ የት ገባ የምትል እናት፣ ባሌን አሁን ወሰዱት የምትል ሚስት። ቁርሱን እየሄደ፣ ምሳውን ቆሞ ነበር የሚበላው፤ እራት ሲበላ አይቼው አላውቅም።

ያስገቡን ክፍል ለዕቃ ማከማቻ የተሠራ ይመስላል። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ጥግ ላይ የውሃ ጀሪካን፣ ያንን የሚያህል ሙቀት፣ የላብና የሽንት ሽታ። ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን እንጂ ጋደም የሚል የለም። ጥበቱን ለመናገር ያህል፣ አንድ ቀን እግሬን አካለሁ ብዬ የሌላ ሰው እግር አክኬ ሰውየው አመስግኖኛል።

ኡስታዙ ሲገባ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እዚህስ ስልክ የለም ብሎ ፈገግ አለ። ደስታው ብዙ አልቆየም። ጠበቃ መሆኑ ሲታወቅ ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዱ የልጁን እስር፣ ሌላው የአባቱን መሬት ይነግረዋል። አንድ ሰውዬ ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን የአህያ ጉዳይ አመጣ። ሁሉንም ይሰማል፣ ለሁሉም ይመልሳል። ሲጨርስ ደግሞ ለምርመራ ይጠሩታል። የሚፈልጉት አንድ ፊርማ ነበር፦ ከእንግዲህ ለታሰረ ሰልፈኛ ላይቆም። ከፈረመ ያኔውኑ ቤቱ ይገባል።

የተያዝን ሰሞን አንዲት የወሎ ልጅ የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ደርሶ ነበር። ሳንያዝ በፊት ሴቶች እስር ቤት ሄደን አይተናታል፤ እጅጌውን ይዛ አልቅሳ፣ እሱም አይዞሽ ብሏታል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ የልጅቷ ነገር እንዴት ይሆን ብዬ ጠየቅኩት።

“የቷ ልጅ?” አለኝ።

ፊቱን አየሁት። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ ውስጣቸው ግን ሰው የለም። የውሃውን ኩባያ ይዞ መጠጣቱን ረስቶታል።

ኩባያውን አስቀምጦ፣ “ዛሬ ሲጠሩኝ እፈርማለሁ” አለ።

“ለምን?”

“ቤቴ አልጋ አለኝ።”

እሱ ፈረመ ማለት የእነዚያ ሁሉ ልጆች ጉዳይ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። አልፈርምም ብሎ ስንቱን ምርመራ የቻለ ሰው፣ አልጋ አሸነፈው።

አጠገቤ አንድ የካላክላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሃጂ እንላቸዋለን፣ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ ነፊር እንውጣ አሉ። ነፊር እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ፣ ቤት ሲፈርስ ሰፈሩ በሙሉ ነቅሎ ይወጣል።

“ለግንብ ወጥቻለሁ፣ ለጎርፍ ወጥቻለሁ” አሉ ለሰዉ። “ለእንቅልፍ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።” ብለውም ተነሡ።

አንድ በአንድ ሁሉም ተነሣ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍን፤ መሐል ላይ አንድ ሰው የሚያስተኛ ወለል ተገኘ። የሆነ ሰው ጀላቢያውን አውልቆ ለትራስ አጠፈለት። ኡስታዙ እንቢ አለ፤ ሰው ቆሞልኝ አልተኛም አለ።

“ያ ኡስታዝ” ብለው በአረብኛው ወግ ጠሩት ሃጂ፣ “ነፊር የወጣ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ አይመለስም። ተኛና አሰናብተን።”

ባለ አህያው ጎንበስ ብሎ፣ ከመተኛቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ አለ።

“አህያህም ተኝታለች” አሉት ሃጂ።

ጎኑ መሬት እንደነካ እንቅልፍ ወሰደው። በጀላቢያ ጫፍ እየተፈራረቅን አራገብንለት። በጀሪካኑ የቀረችውን ውሃ ጨርቅ አርሰንባት ግንባሩ ላይ አደረግን፤ ጀሪካኑን ገልብጬ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያንጠፈጠፍኩት እኔ ነኝ። እግራችን ደነዘዘ። የተቀመጠ ግን የለም።

በሩ ሲከፈት ለበሩ የምቀርበው፣ የእኔ ነገር፣ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ዘበኛው ዱላውን በብብቱ ይዞ፣ ኡስታዙ ለምርመራ ይፈለጋል አለ።

“ተኝቷል” አልኩ።

“ቀስቅሰው።”

“ከዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል።”

“አንተ ማነህ፣ ያ ሐበሺ?”

“ቦርሳ ያዡ ነኝ።”

ዱላውን ከብብቱ አወጣ። ከኋላዬ ከቆሙት ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ዘበኛው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ የተኛውን ሰው አየ፣ ብዙ አየው። የራሱም ዓይን ደም ለብሷል። ሰልፉ ከተጀመረ እነሱም የተኙ አይመስለኝም።

“እስከ ዐስር ሶላት” ብሎ በሩን ዘጋው።

ኡስታዙ ሲነቃ መጀመሪያ የተናገረው፣ “የወሎዋ ልጅ ቀጠሮዋ ሰኞ ነው” የሚል ነው። ከዚያ ወሰዱት። ሲመለስ አልፈረመም።

“ሳልተኛ ወረቀቱ ትራስ ይመስለኝ ነበር” አለን። “ተኝቼ ባየው ወረቀት ነው።”

የሱዳን መንግሥት ሲወድቅ ወጣን። ኡስታዙ ያችን ቀን አልረሳትም፤ ጓደኞቹን ጠበቆች ሰብስቦ አንድ ደንብ አወጡ። በሳምንት አንድ ቀን አንዱ ያርፋል፣ ስልኩን ሌላው ይቀበልለታል። ስሙንም ነፊር አሉት። መልካም ነገር ነበር። ያፈረስነው እኛው ነን። ቤቱን እናውቀዋለን፤ በዕረፍቱ ቀን በሩ ላይ ተሰልፈን እንጠብቀዋለን፤ አብረን ታስረናል እኮ እንላለን። ባለ አህያውም መጣ፣ ከነአህያው። እኔም የሰው ቤት ልጆች ጉዳይ ይዤ ከፊት ነበርኩ። ኡስታዙ ሲከፍት ማንንም አይመልስም። ከዚያ ደግሞ አዲስ የሚታሰር፣ አዲስ የምታለቅስ እናት ተጨመረ።

አንድ ጠዋት ችሎት ላይ ዳኛው፣ ለማን ነው የቀረብከው ብለው ጠየቁት። አላስታወሰም። ካባውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። አሁን ዘመዶቹ መንደር ነው አሉ፣ ወንዝ ዳር፤ ስልኩ አይሠራም። ሰው እስር ቤት ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የሆነው ይላል። እስር ቤትማ አስተኝተነው ነበር።

ይህን ታሪክ ጀሪፍ ላይ ሳወራ ከዘበኛው ጋር የተፋጠጥኩበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ይወፍራል፣ ቁመቴም ይጨምራል። አንድ ነገር ግን እዘላለሁ። በሩ ሲዘጋ ሱሪዬ ርሶ ነበር። የጀሪካኑ ውሃ ፈሰሰብኝ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሃጂ ጥምጥማቸውን ፈትተው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሽንቴ ነው ያመለጠኝ።