ጉርሻ የከለከልኩ ጊዜ

አባቴን ስትሮክ የመታቸው ገብስ አጭደው ሲመለሱ ነው። ከጉና ግርጌ በቃሬዛ አውርደው ደብረ ታቦር እኔ ቤት አመጧቸው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የሰው አባት ከአልጋ አስነስቼ አስኬዳለሁ። የራሴም አባት እግር ቶሎ ጸና። ቀኝ እጃቸው ግን ጣቶቹን ትንሽ ከማንቀሳቀስ በቀር ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ኔትወርክ በመጣ ቁጥር በስልኬ ጥናት ማገላበጥ ያዝኩ። ጣቱ እንዲህ ትንሽ ለሚንቀሳቀስ ሰው ደህናው እጅ ይታሰር፣ የደከመው ተገዶ ይሥራ ይላል። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ደስ አለኝ። ግራ እጃቸውን በፋሻ ጠቀለልኩት።

ሳምንታት አለፉ፤ ቀኙ ያው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አብሬ ተቀምጬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጥናቱ የተሠራባቸው ሰዎች ቀኛቸው ሲደክም በግራቸው ማንኪያ ያነሳሉ። አባቴ ግን በግራ እጅ ከሚበሉ ጦማቸውን ቢያድሩ ይመርጣሉ። አብራቸው የመጣችው እናቴ ናት እየጠቀለለች የምታጎርሳቸው፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች። ስለ ጉርሻ የጻፈ ተመራማሪ አላገኘሁም። መታሰር የነበረበት የእናቴ እጅ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ የለም" አልኩ።

"ያሳደገሽን ሰው በረሃብ ልትቀጪው?" አለች እናቴ።

"ላድናቸው ነው።"

"እንዲህ ያለው መዳን ይቅርብን!"

ሰሃኑን አባቴ ፊት አስጠጋሁት። ቁራሹ አፋቸው ሳይደርስ ደረታቸው ላይ ይወድቃል። ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ፊት እንኳ አልራራሁም። እናቴ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ እኔ "እንደገና" እላለሁ። አባቴ እየከሱ ሄዱ። አንዴ ብቻ ቀና ብለው "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ተናድጄባቸው ሰሃኑን ይበልጥ አስጠጋሁላቸው። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ደግሞም ሠራ። ሁዳዴ ሳይጋመስ አባቴ በቀኛቸው ቆርሰው ጎረሱ። ባልደረቦቼ ጉድ አሉ፤ እኔም ኮራሁ። አባቴ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ለፋሲካ ተከትያቸው ወጣሁ። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቧል። ከዶሮ ወጡ የመጀመሪያውን ጠቅልዬ ተነሳሁና ለአባቴ ዘረጋሁላቸው።

"አባዬ፣ በሞቴ።"

አፋቸውን አልከፈቱም።

"እኔ እጅ አለኝ" አሉ፣ በቀኛቸው እየቆረሱ። "ለሌለው ሰው ስጪ።"

ጉርሻዬን ይዤ እንደቆምኩ እናቴ የራሷን ጠቅልላ ዘረጋችላቸው። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ።