ስብሰባ ላይ በአማርኛ የተናገርኩት ነገር

"ጋሼ፣ እዛ ቁጭ ብላ የምታየኝ እናቴ ናት።"

ዛሬ ይህን ያለችኝ ልጅ ማስክ ስላደረገች ሐበሻ መሆኗን አላወቅኩም ነበር።

እንደምታውቁት የምሠራው እዚህ ኮሎምበስ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ጂም ውስጥ ነው። ዛሬ የኮንፈረንሳችን፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩት ኮሌጆች ማኅበር፣ ተወካዮች የሴቶቹን የባስኬትቦል ቶርናመንት ማን ሆስት ያድርግ የሚለውን ሊወስኑ እኛ ጋ ተሰብስበው ነበር። ለመጨረሻ የቀረነው እኛና ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ገጠር ያለ ኮሌጅ ነን።

ድምፅ ሊሰጥ ሲል ባለቤቴ "ምን ላይ ደረሳችሁ?" ብላ ኮል አደረገችኝ። እኔም እዛው ሰው መሃል ደረቴን ነፍቼ፣ በአማርኛ፣ "አታስቢ፣ ለኛ ነው የሚሰጡት። እዛ ገጠር ጨዋታውን ላሞች ናቸው የሚያዩት" አልኳት።

(ኦሃዮ ውስጥ በአማርኛ ሰው ማማት እንደቀረ ማወቅ ነበረብኝ።)

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ለካ ቡድኗን ወክላ የመጣች የዚያ ኮሌጅ ተጫዋች ናት። ዞር ብላ፣ ያንን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን በቀስታ መለሰችልኝ። እናቷ እዛው ገጠር፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር መጥታ ታያታለች።

ድምፅ ተሰጠና አሸነፍን። ሁሉም ሲያጨበጭብ የኔ እጅ አልነሳ አለኝ።

ፓርኪንግ ድረስ ተከትያት ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ምንም አይደል ጋሼ" አለችኝ። "ብቻ እናቴ እዚህ ድረስ ለመምጣት ከሥራዋ ፈቃድ አይሰጧትም።"

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እናንተስ፣ ማንም አይሰማም ብላችሁ በአማርኛ ከአፋችሁ ያመለጠ ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ማፈር ከብዶኛል።