የመኮንን መብራት

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን። ይህን ግን በየጊዜው ዘልዬዋለሁ። ለሚስቴም አልነገርሁም። አንዲት እናት አታልዬ የልጃቸውን መብራት ወሰድሁ። ሰረቅሁ ማለትን ለምን እፈራለሁ? እጄን ሰድጄ አላነሣሁም፣ ራሳቸው አቀበሉኝ፤ መደበቂያዬ ይህ ነበር። ከዛሬ ወዲያ አልደበቅበትም። ሰረቅሁ።

በደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር ከአንድ ፋብሪካ ቢሮ ተቀጥሬ፣ ጣና ዳር ከእማማ የሺ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ግቢው ኤሌክትሪክ አልገባለትም። እኔ ደግሞ በሽታዬ መብራት ነው። ሌላው ደመወዙን ሲጠጣው እኔ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ፣ ከወረታ ዕቃ ከሚያመጣው ከጋሽ ሰይድ ዘንድ ፋኖስ ሳገላብጥ እውላለሁ። አዲሱን ነፋስ ስለማያጠፋው እወደዋለሁ፤ አሮጌውን ስለ መልኩ። የሰፈሩ ሰው ክር ሲያልቅበት፣ ብርጭቆ ሲሰነጠቅበት ወደ እኔ ይመጣል። ስለ መብራት እኔ የተናገርሁትን ማንም አይጠራጠርም ነበር።

የእማማ የሺ መብራት የጠረጴዛ ነበር፤ ሆዱ ነሐስ፣ ወገቡ ቀጭን። ክሩን ከፍ ቢያደርጉት እንኳ አያጨስም። አንድ ልጃቸው መኮንን በጀልባ ወደ ቁንዝላ እየተመላለሰ ሲነግድ ገዝቶ ያመጣላቸው ነው። ከዚያ መኮንንን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱትና ወሬው ጠፋ። ማታ መብራት ሲለኮስ በየቤቱ ያለው ሰው እንዴት አመሻችሁ ይባባላል። እማማ የሺ ግን በመጀመሪያ ወደ ነበልባሉ ዞረው፣ «መኮንን፣ እንዴት አመሸህ?» ካሉ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመለሱት። ይህን በየምሽቱ እሰማ ነበር። እየሰማሁ መብራቱን ተመኘሁት።

አንድ ቀን ሲወለውሉት ከእጃቸው ተቀብዬ ገለበጥሁት። እንከን የለውም። እያወቅሁ የሥሩ ብየዳ ለቋል፣ ላምባው ያዣል፣ አንድ ቀን ፈንድቶ ኮርኒሱን ከያዘው ቤቱ አይተርፍም አልኋቸው። ኮርኒሱ ጥቀርሻ የጠጣ አቡጀዲ ነው። ቀና ብለው አዩት። የጎረቤት ቤት ሲነድ ቆመው ያዩ ሴት ናቸውና እሳት እንዴት እንደሚፈሩ አውቅ ነበር፤ የገባሁትም በዚያው በር ነው። ከጋሽ ሰይድ አዲስ ፋኖስ ገዝቼ ሰጠኋቸውና የእሳቸውን ወሰድሁ። ከእሳት አዳንኸኝ ብለው መረቁኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልሁ። ያን አሜን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ መኮንንን መጥራት ተዉ። ፋኖሱን ይለኩሳሉ፣ እኛን እንዴት አመሻችሁ ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ምን ነካዎት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አለማፈሬ!

«በሰው መብራት ልጄን ምን ብየ ልጥራው?» አሉኝ።

ሰንበት ብለው ደግሞ፣ ደጅ ላይ፣ ቤት በማይነካበት፣ አንዴ ብቻ ላብራው ብለው ለመኑኝ። መብራቱ አልጋዬ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ልመልሰው እችል አልነበረም? እችል ነበር። ግን መመለስ መዋሸቴን ማመን ነው። ጣና ውስጥ ጥዬዋለሁ አልኋቸው። ውሃ ከበላው ምን ይደረጋል ብለው ገቡ። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት አሰርሁት።

መኮንን ግን በሕይወት ነበር። እግሩ ቆስሎ፣ ከጦሩ ተሰናብቶ፣ አንድ አመሻሽ ላይ በክራንች መጣ። እልልታውና ለቅሶው ግቢውን ሞላው። እኔም ወጥቼ ሳምሁትና ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። በእነሱና በእኔ መካከል አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሲበተን እማማ የሺ ፋኖሱን ለኮሱ፤ የክብሪቱን ድምፅ ሰማሁት። ከዚያ ለልጃቸው እንዲህ አሉት።

«መብራትህን ሰጠሁብህ፣ ልጄ። እሳቱን ፈራሁና ለሰው ሰጠሁት። ስምህን መጥራትም ተውሁ። ይቅር በለኝ።»

ልጁ ለአንድ መብራት ይለቀሳል ወይ ብሎ ሊያባብላቸው ሞከረ።

«አንተን የጠበቅሁበት ነው እኮ» አሉት።

ሣጥኑ እግሬ ሥር ነበር። ከፍቼ፣ ይዤው ብገባ፣ ይኸው ብል ያበቃ ነበር። አልገባሁም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ማላከክም አላስፈለገኝም፣ እሳቸው ራሳቸው ተሸከሙልኝ። የእኔን ይቅርታ እሳቸው ሲለምኑ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ከሁለቱ ውሸቶች ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ዝምታ ነው።

ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ ሄድሁ፤ ሣጥኑን ይዤ። እማማ የሺ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ስንት ፋኖስ ገዛሁ፣ ስንቱን አበራሁ፤ ያን መብራት ግን ለኩሼው አላውቅም። ብለኩሰው ማንን እንዴት አመሸህ እላለሁ? ወጣት ነበርሁ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬም አላመካኝም። ዘመኑ የወሰደው መኮንንን ነው፤ መብራቱን የወሰድሁት እኔ ነኝ።

መኮንን ዛሬ ቁንዝላ እንደሚኖር አጣርቻለሁ። ነሐሱን ወልውያለሁ፣ አዲስ ክር አስገብቻለሁ፣ ብርጭቆውን በጨርቅ ጠቅልያለሁ። ነገ ጠዋት ከባሕር ዳር በጀልባ እሻገራለሁ። ፊቱ አስቀምጬ፣ እናትህ ይቅር በለኝ ያሉህ በእኔ ጥፋት ነው እለዋለሁ። ይቅር ይበለኝ ወይም ከደጁ ያባርረኝ፤ ያ የእሱ ፈንታ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ። መብራቱን ሲለኩስ በመጀመሪያ የእናቱን ስም ይጥራ፤ እንዴት አመሸሽ ይበላቸው።