በራጉኤል ላይ የቆመው ሰርግ

የጥርስ ሐኪሙ አስረሳኸኝ ጆሃንስበርግ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ጥርስ ሲነቅል አያሳምምም፣ ዘር ሲቆጥር አይሳሳትም። ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ ሙሽሮቹ ሰባት ቤት መራቃቸውን የሚያጣራው እሱ ዘንድ ነው።

ሰሎሜ ስትመጣ ታማሚ መስላው ወንበሩን አስተካከለላት።

«ጥርሴ ደህና ነው ጋሼ። ሰርጌ ነው የታመመው» አለችው።

የእጮኛዋ የሲራክ ሽማግሌዎች ሶዌቶ አባቷ ቤት ሄደው ነበር። እንደ ደንቡ አያት፣ ቅድመ አያት ተቆጠረ። የሷ አያት እንድርያስ ራጉኤል፣ የሲራክ አያት ማናሴ ራጉኤል። አገራቸው አንድ። ሁለቱ ሟቾች «ወንድሜ» ሲባባሉ የሰማም አልጠፋም። አባቷ ገብረጻድቅ ሽማግሌዎቹን «ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ ምሳ አብልቶ ሸኛቸው።

«ሲራክስ ምን አለ?»

«እንደዚህ አገር ሰው ‹ኤሽ፣ ዘመዴ› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን አይስቅም።»

አስረሳኸኝ ጠያይቆ የማናሴን እህት እትዬ ቢልቂስን አገር ቤት አገኛቸው። ሰሎሜ ባለችበት ደወለላቸው። ስለ ወንድማቸው ስለ እንድርያስ ሲጠይቃቸው አሮጊቷ ሳቁ።

«የምን ወንድም? እናቴ ማናሴንና እኔን ወልዳ በቃት።»

«ታዲያ ራጉኤል የተባለው?»

«ወህኒ ቤት ነዋ። ማናሴ በድንበር ጠብ ታስሮ ስንቅ እናመላልስለት ነበር። እንድርያስ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ጠያቂ የለውም። ዘበኛው ደግሞ ለዘመድ ካልሆነ ስንቅ አላስገባም አለ። እናቴ ‹ይሄም ልጄ ነው› አለችው። ሲፈታ አብሮን ገባ፣ የአባቴ ስምም በዚያው ቀረለት።»

«ምን አድርጎ ታሰረ?»

«በቅሎ ሰርቆ።»

የሰሎሜ ደስታ የቆየው ሶዌቶ እስክትደርስ ነው። ገብረጻድቅ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቁ ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ሰማትና ፊቱ ጠቆረ።

«አባቴ ሌባ ነበር ብዬ በሽማግሌ ፊት ልናገር?»

«አለዚያ አያቴ በቅሎ እንዳልሰረቀ ሆኖ እኔ ቆሜ ልቅር» አለችው።

ገብረጻድቅ ለደንበኛ ዳቦ ሸጠ፤ መልሱንም ሳይቆጥር ሰጠ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እዚህ አገር ሽማግሌ ስለሚያጥር የሲራክ አባት አንዱዓለምም፣ አስረሳኸኝም አብረዋቸው ነበሩ። ገብረጻድቅ «ዶክተር፣ አንተ ንገርልኝ» አለ። አስረሳኸኝ በእጁ ወደ ራሱ ወደ ገብረጻድቅ አመለከተ። ዘሩን መቁጠር የእሱ ሥራ ነው፤ ገመናው ግን የባለቤቱ ነው።

ገብረጻድቅ ራሱ ተናገረ። ወህኒውን፣ ስንቁን፣ በመጨረሻም በቅሎዋን።

ከዚያ አንዱዓለም «የማን በቅሎ?» አለ።

«የዳኛው።»

አንዱዓለም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የኔም አባት እዚያው ወህኒ ነበር፤ ለልጆቼ ግን ዘመቻ ሄዶ ነበር እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። እኩል ነን ወንድሜ። ልጅቷን ስጠን።»

ገብረጻድቅ ሰጠ።