የቆርቆሮ ቤትና የእድራችን ሣር

ነፋስ የላላ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ከማንኩሳ አጠገብ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። በደርግ ዘመን አባቴ ይስማው ከሰፈራችን ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ የመጀመሪያው ገበሬ ነበር። አንድ በሬ ሸጦ፣ ቆርቆሮውን ከፍኖተ ሰላም በሰው ሸክም አስመጥቶ፣ በኅዳር አስመታው። አናጢው ጣራውን ለጥ አድርጎ ሠራው። ቆርቆሮ ትንሽ ተዳፋት ይበቃዋል፤ ሣር ግን ውኃው ቶሎ እንዲወርድለት ሾጠጥ ብሎ ከፍ ያለ ጣራ ይፈልጋል። ያኔ ይህን ልዩነት ከእኛ ቤት ማንም ልብ አላለውም።

አባቴ ስጋት አልነበረበትም፤ እድር ነበረዋ። በእድራችን ደንብ ቤቱ ለተቃጠለበት ወይም ለፈረሰበት ሰው እያንዳንዱ አባል አንድ እንጨትና አንድ ሸክም ሣር ያመጣ፣ የአንድ ቀን ጉልበትም ይሰጥ ነበር። አባቴም የሰው ቤት ሲከደን ቀርቶ አያውቅም።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ መጥቶ ጣራችንን ገነጠለው። ሰው አልተጎዳም፤ ቆርቆሮው ግን ተጣጥፎና ተቀዶ ከጎረቤት እርሻ ላይ ተገኘ። እናቴ ሮጣ ለዘር ያስቀመጥነውን ጤፍ በቁርበት ሸፈነች። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ተሰበሰበ። ዳኛው አያ ካሴ አገጫቸውን እያሻሹ፣ «ይስማው፣ ግድግዳህ ቆሟል። ፈርሷል ለማለት ይከብደኛል» አሉት።

«አያ ካሴ፣ እርስዎ ዛሬ እኔ ቤት ይደሩና ነገ ይንገሩኝ» አለ አባቴ።

ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። «እሺ፣ ፈርሷል። ግን ያለን ሣር ነው፤ ቆርቆሮ ከየት እናምጣልህ?»

«ሣራችንን ንቀኸው አልነበር? ይኸው ናፈቀህ!» አለ ከኋላ ጎረቤታችን አዳሙ።

እናቴ በዚያ ዓመት መሠረተ ትምህርት ትማር ስለነበር ደንቡ የተጻፈበትን የእድሩን ደብተር ተቀብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ይህን ስትጽፉ ሁላችንም ሣር ቤት ነበርን፤ እኛም ቤቱን ስንለውጥ አልጠየቅናችሁም» አለች። አያ ካሴም ሣሩ የሚመጣበትን ቀን ቆረጡ።

ሣሩ እንደማይሆን ያወቅነው ሥራው ሊጀመር ሲል ነው። አናጢው በዚያ ለጥ ባለ ጣራ ላይ ሣር ቢከደን በመጀመሪያው ዝናብ እንደሚያፈስ ነገረን። ስለዚህ ወራጅ እንጨቱ ሁሉ ተነቅሎ ጣራው እንደገና ከፍ ብሎ መሠራት ነበረበት። ሣር የሚታጨደው በኅዳር ነው፤ በግንቦት በየቤቱ የነበረው ለራስ ጣራ መጠገኛ የተቀመጠ ብቻ ነበር። እሱኑ አመጡልን። ሥራው ግን በአንድ ቀን አላለቀም፤ በማግስቱ፣ ደንቡ ማንንም በማያስገድድበት ቀን፣ የመጡት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ አዳሙ ነበር።

አንደኛው ጎን ሳይከደን ዝናቡ ደረሰና የዘራችን ግማሽ በስብሶ ቀረ። ስለ እህል ደንቡ አንድም ቃል አልነበረውም። ለዚያ ክረምት ዘር የሰጠን ቡሬ የነበረው አጎቴ ነው። በመስከረም እድሩ ቤቱን የሚለውጥ አባል አስቀድሞ እንዲያሳውቅና እርዳታው እንደ ቤቱ ዓይነት እንዲሆን በደብተሩ አስጻፈ። አባቴ ግን እስክናድግ ድረስ በሣር ቤት ኖረ።

ዛሬ ቡሬ አስተምራለሁ፤ የምኖረውም ቆርቆሮ ቤት ነው። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ነፋስ ጣራችንን ቢወስደው ምን እንደሚደረግልን ጠየቅሁ። ሰብሳቢው፣ «ኧረ መምህርት፣ አታሟርቺብን!» ብለው ካሳቁብኝ በኋላ ደንቡን ገልጠው አዩት፤ ለቀብር እንጂ ለቤት የሚሰጥ ነገር የለም። አባቴ ሳይጠይቅ ቀርቶ ተጎዳ፤ ሰዎቹ ግን መጡለት። እኔ ጠይቄ ቁርጤን አውቄአለሁ፤ ነፋሱ በመጣ ማግስት ግን ማን እንደሚመጣልኝ አላውቅም።