በጉንጩ ላይ የተሰፋው ዘንዶ

ማንዩ ከቻንግኋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመኪና መንገድ ዳር፣ በመስታወት ጎጆዋ ተቀምጣ ቢንላንግ የሚባል የሚታኘክ ፍሬ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፍሬውን ትሰነጥቃለች፣ ኖራ ትቀባዋለች፣ በቅጠል ትጠቀልለዋለች፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች እያኘኩ እንቅልፋቸውን ያባርሩበታል። ከደንበኞቿ ሁሉ የባሰው ግን የገዛ ባሏ ጂንቱ ነበር፤ ያውም በነጻ። ሲያኝከው የኖረው ፍሬና ኖራ ጉንጩን ውስጡን ሲያቆስልበት በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠ ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ካንሰሩ ጉንጩን በልቶ ወደ ውጭ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ዶክተር ኩ የታመመውን ጉንጭ ቆርጦ ሊያወጣ፣ ቀዳዳውን ከጭኑ በሚወሰድ ሥጋና ቆዳ ሊደፍን፣ የሥጋውንም ደም ሥር ከአንገቱ ደም ሥር ጋር ሊሰፋ አሰበ። ከቀኝ ጭን ቢሆን ይሻላል አለ።

"ቀኙን አይንኩብኝ፣ ዶክተር" አለ ጂንቱ። "የባሕሯን አምላክ፣ የእመቤታችንን የማዙን ወንበር በበዓሏ ስሸከም የምቆመው በእሱ ነው። ለእሷ ተስያለሁ። ግራውን ይውሰዱ።"

"ግራውን እኮ ንቅሳት ሞልቶታል፣ ጋሼ። ደሙ ቢቆም ሥጋው ይጠቁራል። በዚህ ሁሉ ቀለም ውስጥ መጥቆሩን በምን ዓይኔ ልየው?"

"ዘንዶ እኮ ነው። እሱ ጉንጬ ላይ ከተቀመጠ በሽታው ዝር አይልም።"

"እስከ ዛሬ የት ሄዶ ነበር ዘንዶህ?" አለች ማንዩ።

ሐኪሙ ተሸነፈ። "እንግዲያው በእጅ እየዳሰስን ነው የምንጠብቀው" አላት። "ከቀዘቀዘ በደቂቃው ጥሩን።"

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ቀን ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች የተሰፋውን ጉንጭ ዳሰሰችው። በሦስተኛው ቀን በየአራት ሰዓቱ ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሞቅ ያለ ነው ብላ ሄደች።

ሦስት ሰዓት ላይ ማንዩ ለሃጩን ስትጠርግለት ጣቷ ዘንዶውን ነካ። የተበላሸ ፍሬ ሳታይ በመዳሰስ የምትለይ እጅ ናት። ቀዝቅዟል። ሌላኛውን ጉንጩን ነካችው፤ ይሞቃል። ወደ መጥሪያው እጇን ስትሰድ ጂንቱ አንጓዋን ያዛት። ጉሮሮው ተበስቶ ቱቦ ስለገባበት መናገር አይችልም፤ አጠገቡ ባለችው መጻፊያ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ "ቀኝ ጭኔን ይከፍቱታል። ትንሽ ጠብቂ። ማዙ ታሞቀዋለች።"

"አብደሃል እንዴ?" አለችው።

ጂንቱ አለቀሰ። በትዳራቸው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ኖራውን የቀባሁለት እኔ፣ ደግሞ እግሩን የማስከፍትበት እኔ ልሁን? አለች በልቧ። መጥሪያውን ተወችው። መዳፏን ጉንጩ ላይ አድርጋ ታሞቀው ጀመር። ስታነሳው ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ መልሳ ታደርጋለች። እንዲህ ስትል ስድስት ሰዓት ሞላ።

ነርሷ መጥታ ዳሰሰችውና ሮጣ ወጣች። ዶክተር ኩ መጥቶ ቆዳውን በመርፌ ወጋው፤ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም።

"እትዬ ማንዩ፣ መቼ ነው የቀዘቀዘው? አሁን ከሆነ ደም ሥሩን ከፍቼ አድነዋለሁ። ከቆየ ግን ሥጋው ሞቷል፤ ተጥሎ ከቀኝ ጭኑ ሌላ መውሰድ ነው። የሞተውን መልሼ ከሰፋሁት በስብሶ የአንገቱን ደም ሥር ይበላዋል፤ በአንድ ሌሊት ደሙ ፈስሶ ያልቃል።"

ጂንቱ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

"አሁን ነው" አለች። "አሁን ቅድም።"

"ተመስገን፣ ደርሰንበታል" አለ ሐኪሙ፤ አልጋውን እየገፉ ይዘውት ሄዱ። የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ጂንቱ አውራ ጣቱን አነሳላት።

ማንዩ እዚያው ቆማ፣ ደሙ በአንድ ሌሊት ፈስሶ ያልቃል ያለውን የሐኪሙን ቃል በልቧ ደጋገመች። በመጨረሻ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ የቀዶ ሕክምናውን በር በጡጫ ደበደበችው። አፏን የሸፈነች ሴት ብቅ አለች።

"ጀምረዋል፣ እናቴ። መግባት አይቻልም።"

"የቀዘቀዘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ለዶክተሩ በይልኝ" አለች ማንዩ። "ዋሽቼ ነው። የተሰፋውን ይጣሉት፣ ቀኝ ጭኑን ይክፈቱት። ሚስቱ ናት ያለችው በይ፣ እሱ ሲነቃም እንዲያውቀው።"