ላስቲኩን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለሼሁም። ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ እሱማ ሳልነግረውም ያውቃል፣ ስጠቅልል አይቶኛል። የሰው ሐቅ ግን ባለ ሐቁ ራሱ ይቅር ካላለ፣ አፉ ካላለ አይወርድም ይሉናል። እኔ ደግሞ ለባለ ሐቋ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ እነግራለሁ። ፈሪ እንዲህ ነው፤ ለሚቀለው ሰው ይናገራል።

ሰይድ እባላለሁ። ሰፈራችን ቀወት ቆላ ውስጥ፣ በሁለት ወንዞች መሀል ነው። በበጋ ወንዙን ሕፃንም በእግሩ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በሁለቱም በኩል ይዘጋናል፤ የሸዋሮቢት ሰዎች «ደሴቶቹ» እያሉ ይቀልዱብናል። ያኔ መውጫችን አንድ ነው፤ በአንደኛው ወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ በመዘውር የተንጠለጠለ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ቆሜ በእጄ እየሳብኩ ሰው የማሻግረው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። «ሰይድ ገመዱ» ካላላችሁ ማንም አያውቀኝም። በዚህ ስም እኮራ ነበር።

ገመዱ አርጅቶ ነበር። በከተማው በኩል፣ ዳር ለመድረስ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀር፣ ክሮቹ መበጠስ ጀምረዋል። መዘውሩ እዚያ ሲደርስ ያዝ ያደርገውና ይለቀዋል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በመሀሉ መንግሥት ተንጠልጣይ ድልድይ የሚያሠራ በጀት መደበ ተባለ፤ ግን ለአንድ ቦታ ብቻ። እኛና አንድ ሌላ ቀበሌ ቀረብን። የባሰበት ይወስዳል። ባለሙያዎች መጥተው የሚያዩበት ቀን ተቆረጠ።

በዋዜማው ሳጥኑን አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። መዘውሩን ግሪስ አጠገብኩት። እንግዳ ሊመጣ ቤት ተዝረክርኮ አይቆይም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ አይተው ሳቁ። «ሰይዶ፣ ልትድራት ነው እንዴ? ተው፣ እንዳለች ይዩአት! ለማኝ ካባ ለብሶ ይለምናል?» አሉኝ። ቀለሙስ ይሁን፤ ቀለም ወንጀል አይደለም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ያረጀ የባጃጅ ጎማ ላስቲክ ቀደድኩና የተበጠሱት ክሮች ላይ ጠቀለልኩት። እኔ ነኝ የጠቀለልኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ሰዎቹ መጡ፤ ከዳር ቆመው አዩ። አንዱ ወጣት መሐንዲስ ጣቱን ቀስሮ፣ «ያ ላስቲክ ምንድነው ጋሼ?» አለኝ።

«እጅ እንዳይቆርጥ ነው» አልኩት።

«ጎበዝ!» አለና ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ማየትስ ያስፈልጋል? ድልድዩ ለዚያኛው ቀበሌ ሄደ። እኔ ሰዎቹ አይተው በሄዱ ማግስት ላስቲኩን ፈታሁት፤ መዘውር በላዩ አያልፍማ።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ ለራሴ «የሰፈሬን ነውር ሸፈንኩ» ስለው ኖሬአለሁ። ወይ እኔ! «በዚህ ነው ሰው የምታሻግረው?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነውም ብያለሁ። እሱ እውነት አለበት፤ ዋናው ግን አይደለም። ድልድይ ጎታች አይፈልግም። ድልድይ ላይ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ከማዶ ቆሞ «ኧረ ሰይድ!» ብሎ የሚጣራ የለም። ከዚያ ወዲያ እኔ ማን ነኝ? ይህን አስቤ ነው የጠቀለልኩት። አስቤ ነው።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ የእትዬ ዘሃራን ልጅ ከድጃን ምጥ ያዛት። ያኔ የዚያኛው ቀበሌ ሰዎች በድልድያቸው መመላለስ ጀምረዋል። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ውሃው ደፍርሶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከድጃን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛናት፤ እናቷ ደግፈው ያዟት፤ እኔ ሳብኩ። አሥር እርምጃ ሲቀረን መዘውሩን እነዚያ ክሮች ያዙት። ወደፊት አልሄድም፣ ወደኋላም አልመለስም አለ። ሳብኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ሳብኩ። እትዬ ዘሃራ «ሳብ እንጂ አንተ ልግመኛ! እጅህ ይሰበር!» እያሉ ይጮሁብኛል። ዳር ያሉ ሰዎች ገመድ ወርውረው እስኪጎትቱን ድረስ ልጁ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተወለደ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ከድጃ ተረፈች።

የባሰው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መዳፌን ያየ ሁሉ ጀግና አለኝ። እትዬ ዘሃራ ቅቤ ይዘው ቤቴ እየመጡ ቁስሌን ቀቡልኝ። «መንግሥት ረሳን፤ አንተ ግን አልረሳኸንም» ይሉኛል። መንግሥት አልረሳንም ነበር። ደጃችን ድረስ መጥቶ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን ልናገር ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ? ከፍቼ የሚወጣኝ «አላህ ይስጥልኝ» ብቻ ነው። በኋላ ሰፈሩ አዋጥቶ ገመዱን ቀየረው። ሳጥኑ ያው ነው። እኔም ያው ጎታች ነኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ረመዳን ሊገባ ሲል ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አፉ ይባባላል። ምን አድርገኸኝ ነው ተብሎ አይጠየቅም። አንዱ «አፉ በለኝ» ይላል፣ ሌላው «አፉ ብያለሁ» ይላል፤ አለቀ። እኔም በየዓመቱ እትዬ ዘሃራ በር ላይ እቆማለሁ። «አፉ ይበሉኝ» እላለሁ። «አፉ ብያለሁ፤ ደግሞ አንተ ምን በድለኸኝ ታውቃለህና!» ይላሉ። ይቅርታቸውን ሰርቄ እወጣለሁ። ሰው የማያውቀውን በደል ይቅር አለ ይባላል? አይባልም፤ አውቃለሁ። በዓመቱ ግን ተመልሼ እሄዳለሁ።

ዘንድሮ ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አንተም አፉ በለኝ ሰይዶ» አሉኝ። «ያን ቀን ልግመኛ ብዬሃለሁ። እጅህ ይሰበር ብዬ ረግሜሃለሁ። እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣልኝም።» ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይመጣልኝም።

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።